የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች?

እናቴ ከጠያቂነት የጠፋ ዘመድ ደጇ ላይ ብቅ ሲል ገና «ግባ» ሳትለው «አንተ ሰው፣ የመስቀል ወፍ ሆነህ ቀረህ!» ትለዋለች። በቤታችን ይህ ወቀሳ ያልደረሰው የአክስትና የአጎት ልጅ የለም። እኔም ልጅ ሳለሁ የመስቀል ወፍ ከማይታወቅ አገር መጥታ፣ አደይ አበባ ላይ ጥቂት ቀን ሰንብታ፣ ደመራው ሲከስም ተነሥታ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። የት እንደምትሄድ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጥያቄው ልቤ ውስጥ የገባው አርባ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የቦዬ ረግረግ ዳር ቆሜ ነው።

ወደ ቦዬ የወሰደኝ የወፍ ፍቅር አልነበረም። ሐኪም ደሜን መርምሮ ስኳር እየጀመረሽ ነው አለኝ፤ በየቀኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በእግሬ እንድሄድም አዘዘኝ። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሒሳብ ማመሳከር ስለሆነ እግሬ ከቢሮ እስከ ባጃጅ፣ ከባጃጅ እስከ ቤት ካልሆነ መንገድ አያውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አስፋልት ዳር ሄድኩ፤ አቧራውና ጥሩምባው አሰለቸኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቤቶቹ ወደሚያልቁበት አቅጣጫ ታጠፍኩ። ጥቅምት ነበር። ጭጋጉ ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም፤ ከጭጋጉ ውስጥ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ አንዱ እንደ ፉጨት፣ አንዱ ዘይት እንዳጣ በር፣ አንዱ ደግሞ አፉን ሞልቶ እንደሚስቅ ሰው። ይህንን የሚስቀውን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ በቤቴ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ። ኋላ ሳጣራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጉሮሮው ላይ ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበት የአይቢስ ዘር ሆኖ አገኘሁት። በየማለዳው እየቀሰቀሰኝ የኖረውን ወፍ መልኩን አይቼው አላውቅም ነበር።

ቦዬን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። አዌቱ ወንዝ ከተማችንን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። የታጠበበትንም የተጣለበትንም ሁሉ ተሸክሞ ቦዬ ሲደርስ ይሰፋል፣ ይዘገያል፣ ከዚያም ሣርና ቄጤማ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ከረግረጉ ሲወጣ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። ኩሬው ውስጥ ጉማሬዎች አሉ፤ ማታ ማታ ወጥተው ሣር ስለሚግጡ ማለዳ ላይ የእግራቸው ዱካ ጭቃው ላይ እንደ ድስት ጎድጉዶ ውሃ አቁሮ ታገኙታላችሁ። ሰዉ ቦታውን «ያ ጭቃ» ይለዋል። እኔም እንደዚያው ስለው ኖሬያለሁ። ነገር ግን ጭቃው ሥራ አለው። የክረምቱን ጎርፍ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፣ ቀስ እያለ ይለቅቃል፤ የከተማውን እድፍ ደግሞ በሥሩ መሐል አስቀርቶ ያጣራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዚህን የደቡብ ምዕራብ አካባቢ ረግረጎች ጤና በጭቃው ውስጥ በሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት የሚለካ መመዘኛ አዘጋጅተው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የትኛው የነፍሳት ዘር እንደቀረ፣ የትኛው እንደጠፋ አይቶ የውሃውን ሕመም ማወቅ ማለት ነው። ሐኪሜ የኔን ደም አይቶ ያወቀውን ያህል።

ያን ቀን ከጭጋጉ ስር ያየኋትን ትንሽ ወፍ ግን ከሁሉ በላይ አልረሳትም።

ጡብ ለመሥራት የተቆፈረ ጉድጓድ ዳር ነበረች። ጉድጓዱ በክረምቱ ዝናብ ሞልቶ ዳር ዳሩ ለስላሳ ጭቃ ሆኗል። እኔ ከፍ ያለው አፈር ላይ ስቆም እሷ ስድስት ወይም ሰባት እርምጃ ብቻ ትርቀኛለች። ከእርግብ ታንሳለች፤ ከድንቢጥ ትበልጣለች። ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ ጤፍ ላይ ነጭ ማሽላ የተበተነበት ይመስላል። ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ የመሰለ መሥመር አለ። እግሯ ረዥም፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት። ሁለት እርምጃ ትሄድና ምንቃሯን ጭቃው ውስጥ ትሰካለች፤ ቀና ትልና ጅራቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ እንደገና ሁለት እርምጃ። አንድ ጊዜ ቀጭን ቀይ ትል መዝዛ አወጣች። ውሃው ላይ ወስዳ አለቅልቃ ነው የዋጠችው። ይህንን ማጠቧን ሳይ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንባ ተናነቀኝ። እጄን ሳንቀሳቅስ ብድግ አለች፤ ከወገቧ በላይ ያለው ነጭ ብልጭ አለና «ጢፍ ጢፍ ጢፍ» እያለች ጭጋጉ ውስጥ ገባች።

ለእሷ ስል የወፍ መለያ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ለእሷ ስል ያገለገለ የርቀት መነጽር ገዛሁ። ማንነቷን ሳውቅ ደግሞ ጉድጓዱ ዳር የቆመችው ወፍ ሌላ ወፍ ሆነችብኝ። የጅማ ተወላጅ አይደለችም። ከስካንዲኔቪያ ጀምሮ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሳይቤሪያ በተዘረጋው የሰሜኑ ረግረግ ውስጥ፣ የጥድ ደን በከበበው ጭቃ ላይ ትፈለፈላለች። ፊንላንዳውያን «ሊሮ» ይሏታል። አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላል መሬት ላይ ትጥላለች። ጫጩቶቹ ክንፍ ሳያወጡ እናቲቱ ቀድማ ወደ ደቡብ ትነሣለች፤ የሚያሳድጋቸው አባትየው ነው። እሱም በተራው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እነዚያ የጥቂት ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ልጆች አንድ የዶሮ እንቁላል የምታህል ክብደታቸውን ይዘው፣ መንገድ የሚያሳይ እናትም አባትም ሳይኖራቸው፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠው አፍሪካ ይደርሳሉ። ያኔ ጥቅምት ላይ ከፊቴ ትል ታጥብ የነበረችው ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። የተወለደችበት ረግረግ በዚያን ጊዜ ወደ መቀዝቀዙ ነው፤ ብዙ ሳይቆይ በረዶ ይሆናል። እኛ «ያ ጭቃ» የምንለው ባይኖር የብርዱን ወራት የምትበላው የላትም።

ከዚያ በኋላ እንግዶቹን አንድ በአንድ መለየት ጀመርኩ። ከከብቶች እግር መሐል እየሮጠች ከሣሩ የሚነሡትን ዝንቦች የምትለቅም፣ ጅራቷ ረዥም የሆነች ቢጫማ ወፍ አለች፤ እሷም የአውሮፓና የሩሲያ ሜዳ ልጅ ናት። ከመስከረም ጀምራ እየበዛች ትመጣና እስከ ሚያዝያ ትቆያለች። ከሣሩ በላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን ወደ ላይ አጥፎ የሚንሳፈፈው ጭልፊት መሰል አዳኝም ከሰሜን ነው። ዳክዬዎችም ይመጣሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከተመሠረተ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ እነዚህ ነገሮች የሚጽፉና የሚያስተምሩ ሰዎች በአገራችን እንዳሉ፣ በየዓመቱ ጥር አካባቢ በአፍሪካ ዙሪያ የውሃ ወፎች እንደሚቆጠሩ ያወቅሁት በዚያ ጊዜ ነው። እኔም በሒሳብ ሠራተኛ ልማድ መዝገብ ከፈትኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብዛት። ቢሮ ውስጥ አኃዝ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ እዚህ ግን አንድ ብዬ ስጽፍ አንድ ነፍስ ነው።

የመስቀል ወፍንም በዚሁ መዝገብ ተከታተልኳት። በእርግጥ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው አንድን ዘር ብቻ አይደለም፤ ክረምቱ ሲያልቅ አምረው የሚወጡ ብዙ ትንንሽ ወፎችን ሁሉ ነው። ቦዬ ላይ እኔ የመረጥኩት መላ ሰውነቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ትከሻውና ከወገቡ በላይ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነውን ነው። መስከረም ላይ ከቄጤማው ጫፍ ብድግ ብሎ ላባውን እንደ ኳስ ነፍቶ እየተርገበገበ ይበርራል፤ ሴቲቱ እንድታየው ነው። በኅዳር መጨረሻ ያው ቄጤማ ላይ አንድ የተጎሳቆለ ወፍ አየሁ፤ ደረቱ ጥቁር፣ ጎኑ ቡናማ፣ እንደተጣፈ ልብስ። መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ጥቁሩ ቀነሰ። በገና ሰሞን ጥቁር የሚባል አልነበረም፤ ከሴቲቱና ከድንቢጥ ለመለየት የሚያስቸግር ቡናማ ወፍ ሆኖ ከመንጋው ጋር ዘር ይለቅማል። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ገብቷችኋል። የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። የክት ልብሷን አውልቃ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ እደጃችን ናት፤ የማናውቃት እኛ ነን። በእውነት የምትሄደዋን፣ ያቺን ነጠብጣብ ጀርባ ደግሞ፣ መምጣቷንም መሄዷንም አናይም፤ በአማርኛችን ለወቀሳ የሚሆን ስም እንኳ አላወጣንላትም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

ቦዬ ውስጥ ባለዘውድ ክሬን አለች። አንድ ሜትር ያህል ቁመት ያላት፣ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭና ቀይ፣ አናቷ ላይ እንደ ወርቅ ክር የቆመ አክሊል የደፋች ወፍ ናት። የኡጋንዳ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለችው እህቷ ናት። ከዓለም የክሬን ዘሮች ዛፍ ላይ የሚያድሩት ባለዘውዶቹ ብቻ ናቸው፤ የኋላ ጣታቸው ረዥም ስለሆነ ቅርንጫፍ መጨበጥ ይችላሉ። ሣር ውስጥ ሲሄዱ መሬቱን በእግራቸው እየደበደቡ ነፍሳቱን ያስነሣሉ። ጥንዶቹ ፊት ለፊት ቆመው ሲጨፍሩ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲዘልሉ፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ያየ ሰው እስክስታ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አይመስለኝም። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ተመዝግባለች፤ ምክንያቱም የምትራባው ሰው ባልነካው ጥልቀት የሌለው ረግረግ ውስጥ፣ በረዥም ሣር መሐል ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ አንዷ ቄጤማ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትጠፋ፣ ብዙ ቆይታም ሳትወጣ አየሁ። ጎጆ እንዳላት ገባኝ። ዳሩ ላይ ሆኜ በመነጽሬ ማየት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ፎቶ ፈለግሁ። ለእህቶቼ ልልክላቸው፣ «ጅማ ውስጥ ይህ አለ» ልላቸው ፈለግሁ። የተዋስኩትን ቦቲ አጥልቄ ገባሁ። ውሃው ከጉልበቴ በታች ነው፤ በየእርምጃው ጭቃው ቦቲውን ይስባል። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ አንገቷ ከሣሩ በላይ ቀጥ አለ። ቆምኩ። እሷም አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሣሩ ስር ጥቂት ራቀችና ተነሥታ በረረች፤ ባሏም ከሩቅ ተነሣ፣ ሁለቱም እየተጣሩ ከራሴ በላይ ዞሩ። ስልኬን አውጥቼ ሁለት እንቁላል ያለበትን የሣር ክምር አነሣሁ። ፎቶው ደብዛዛ ነው። ወደ ዳር ተመልሼ ስዞር አንድ ቁራ በዚያው ቦታ ላይ ወርዷል።

ጮኼ ሮጥኩ፤ ጭቃ ውስጥ ሰው እንዴት ይሮጣል? ስደርስ አንዱ እንቁላል አልነበረም፤ ሁለተኛው ተቀድዶ አስኳሉ ሣሩ ላይ ፈስሷል።

ዳሩ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሐጂ ሁሉንም አይተዋል። በየማለዳው ሰላምታ እንለዋወጣለን። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ እሷ እኮ ሰው ሲቀርባት ነው የምትነሣው» አሉኝ። «ቁራው ደግሞ ይህንኑ ነው የሚጠብቀው። ከብቶቼ እንኳ በዚያ በኩል እንዳያልፉ ከሰኔ ጀምሮ እመልሳለሁ።» ለካ እኔ ያኔ ያገኘሁት መስሎኝ የነበረውን ጎጆ እሳቸው ከተሠራበት ቀን ጀምረው ያውቁት ኖሯል። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው ይጠብቁት ነበር። ፎቶውን ለማንም አልላክሁም። ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው አንድ ሕግ አለኝ፤ ወፏ የምታደርገውን ትታ ወደ እኔ ካየች ቀርቤያታለሁ ማለት ነው፤ ወደ ኋላዬ እመለሳለሁ። በመራቢያ ወራት ደግሞ ሣሩ ውስጥ እግሬ አይገባም። ወፍ ለማየት የምትወጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ከእኔ ስህተት ውሰዱ።

እኔ አንድ ጎጆ አጠፋሁ፤ ቦታውን ሁሉ የሚያጠፋው ግን ሌላ ነው። ቦዬና ቂጦ በሚባለው ሌላ ረግረግ ላይ ለሸክላ ጡብ የሚሆን ጭቃ ይቆፈራል። ጡቡ የሚተኮሰው ደግሞ በባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ባሕር ዛፉም የረግረጉን ዳር ይዞ ውሃውን ይጠጣል። በበጋ ቦይ ቀድደው ውሃውን አፍስሰው በቆሎ የሚዘሩ አሉ። እኔ የምኖርበት ቤት ግድግዳ የዚሁ ጭቃ ጡብ ነው። ይህን ሳልናገር ሌላውን መውቀስ አልችልም። ጡብ ከሚሠሩት ወጣቶች አንዱ ጋር ቡና ጠጥቼ አውቃለሁ። እጁ ከጭቃው ብዛት ተሰነጣጥቋል። «እህቴ፣ ይህ ጭቃ ሁለት እህቶቼን አስተምሯል» አለኝ፤ «ነገ ሌላ ሥራ ካለ ነገውኑ እተወዋለሁ።» አመንኩት። አንዲት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም፤ እሱ በቆፈረው ጉድጓድ ዳር ነው ያቺን ትንሽ ወፍ ያገኘኋት። ጉድጓዱ ለእሷ ለጥቂት ወራት ይበቃታል፤ ዳሩ ጭቃ ነው፣ ትል አለው። ለባለዘውዷ ግን ጉድጓድ ምንም አይሠራላትም፤ የምትፈልገው ቄጤማው ከነሥሩ ተነቅሏል። አንድ ጭቃ ለአንዷ በቅቶ ለሌላዋ አንሶ ሲገኝ «ወፎች እኮ አሁንም አሉ» ብሎ መጽናናት አይቻልም። የትኞቹ ናቸው ያሉት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቄጤማ ካነሣሁ አይቀር፣ ረግረጉ ከቤታችን የራቀ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳየኝ እሱ ነው። በበዓል ዋዜማ ገበያ ወጥተን በእቅፍ የምንገዛው፣ ረከቦቱ ስር የምንጎዘጉዘው፣ ቡናው እስኪፈላ የምንረግጠው ቄጤማ ከእንዲህ ያለ ቦታ ታጭዶ የመጣ ነው። በኦሮምኛም «ጨፌ» ማለት ይኸው ለምለም፣ እርጥብ መስክ ነው፤ ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚሰበሰቡት እዚያ ስለነበረ ሸንጎውም በስሙ ተጠራ፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ ይባላል። ሕግ የሚወጣበትን ቦታ በረግረግ ስም የጠሩ ሰዎች ረግረግን ከንቱ ጭቃ ነው ብለው ያስቡ ነበር ብዬ ማመን አልችልም።

ስለ ጫካው ባልጽፍ ይቆጨኛል። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሥቼ በቦንጋ መንገድ ሰቃን አልፌ ወደ ሸቤ እሄዳለሁ። በለጠ የሚባለው ጫካ ከመንገዱ ዳር ይጀምራል፤ ወደ ውስጥ ከጌራ ጫካ ጋር ይገጥማል። የእግር መንገዱ ገና ሲገባ ብርሃኑ ይለወጣል። ከታች ቡና፣ ከቡናው በላይ ሳሳና ዋንዛ፣ ከእነሱም በላይ ቀረሮው ብቻውን ሰማይ የያዘበት ቦታ አለ። ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ፤ ከመቀመጣቸው ጸጥታ የተነሣ ካህናት ይመስሉኛል።

ሶሪትን የሰማኋት ሳላያት ነው፤ ከጉሮሮዋ የሚወጣ ሸካራ ጩኸት ነበር። አረንጓዴ ወፍ አረንጓዴ ቅጠል ላይ ስትሮጥ ማየት አይቻልም። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሻገር ግን ክንፏ ተከፈተ፤ እንደ ደም የቀላ ነበር። ይህ ቀለም ከሌሎች ወፎች ቀለም ይለያል። ብዙ ቀያይ ወፎች ቅላታቸውን የሚያገኙት ከሚበሉት ፍሬና ነፍሳት ነው፤ የሶሪትና የዘመዶቿ ቀይ ግን በውስጡ መዳብ ያለበት፣ ከእነሱ በቀር በሌላ እንስሳ የማይገኝ ቀለም ነው። ክንፏ እንደታጠፈ ቀዩ ሁሉ ጠፋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዛፉ ስር ቆሜ እንደገና እስክትሻገር ጠበቅኋት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀነሰም።

ሌላው ከላይ መጋዝ የሚስብ ሰው ያለ እስኪመስል ድረስ ክንፉ የሚጮኸው፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ቀንድ የተደረበበት ግዙፍ ጥቁር ወፍ ነው። ሴቲቱ በአሮጌ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትመርገዋለች፤ ጭቃውን የሚያመጣላት ወንዱ ነው። ምንቃር ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ ይቀራል። እንቁላሏን ታቅፋ፣ ጫጩቷን አሳድጋ እስክትወጣ ድረስ ለወራት የምትበላው እሱ በዚያች ቀዳዳ የሚያቀብላትን ፍሬ ነው። አራስ ቤት እንዲህ ነው። ታዲያ ሽንቁር ያለው ትልቅ ዛፍ በአንድ ሰው ዕድሜ አይበቅልም። ሲቆረጥ በምትኩ መቶ ችግኝ ቢተከል ለዚህች እናት ቤት አይሆናትም።

ቡና ከጥላ ዛፍ ስር መብቀሉ ለእነዚህ ወፎች ትልቅ ነገር ነው። በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥላ ቡናና በጫካ ውስጥ በመረብ ወፎችን እየያዙ የለቀቁ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በጫካው ካገኟቸው የወፍ ዘሮች ከአንዱ በቀር ሁሉንም በጥላ ቡናውም ውስጥ አግኝተዋቸዋል። ይሁንና ከስር ቁጥቋጦ ውስጥ ነፍሳት የሚለቅሙት የጫካ ወፎች በጫካው ውስጥ ይበልጥ ይበዙ ነበር፤ ቡናው ጫካውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። በበለጠና ጌራ ከጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ጋር ገበሬዎቹ ራሳቸው «ዋቡብ» በሚባል ማኅበር ተደራጅተው ጫካውን እንዲጠብቁ፣ የጫካ ቡናቸውም ምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥ የተሠራው ሥራ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጫካው ለገበሬው ገቢ ካላመጣ ጫትና ባሕር ዛፍ ያመጣሉ። ስለዚህ የጅማ ቡና የሚጠጣ ሁሉ ጥላ ዛፉ ቆሞ እንደሆነ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ወደ ጉድጓዱ ዳር በየማለዳው ሄድኩ። እዚያ ከብት መሐል የሚሮጡት ባለረዥም ጅራቶች ጥቅምት ላይ ደብዝዘው ነበር የመጡት፤ አሁን ግን ደረታቸው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል። የሠርግ ልብሳቸውን እዚህ እኛ ጋ ለብሰው ነው ወደ ሰሜን የሚነሡት። ነጠብጣብ ጀርባዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከዚያ አራት፣ ከዚያ አንድ። አንድ ማለዳ ጭቃው ላይ የቆየ ዱካ ብቻ አገኘሁ። ሐጂ ከከብቶቻቸው ጋር ደርሰው ከጎኔ ቆሙ። «ሄዱ?» አሉኝ። «ሄዱ፣ ሐጂ» አልኳቸው። «በሰላም ይግቡ» አሉ፤ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው።

በግንቦት እናቴን በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ሰማንያ አልፏታል፤ ጉልበቷ አይሄድም። ከመንገዱ ዳር ወንበር አስቀምጬ፣ ነጠላዋን አስተካክዬ መነጽሩን ሰጠኋት። ቄጤማው ላይ ቡናማ ወፎች ይንጫጫሉ። «እማዬ፣ ያውልሽ የመስቀል ወፍ» አልኳት።

«ይህ ድንቢጥ?»

«እሱ ነው። የትም ሄዶ አያውቅም።»

መነጽሩን ይዛ ብዙ ቆየች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ክርኗን ደግፌያታለሁ። አንዲት ጥጃ ወደ ሣሩ ስትገባ መንጋው ብድግ አለ፤ ከመሐላቸው አንዱ ጀርባውን ሰጥቶን ሲበር ትከሻውና ከወገቡ በላይ ያለው ቢጫ ታየ። ያ ቢጫ ከክት ልብሱ የማይወልቅ ነው፤ ክንፉ ሲታጠፍ ይሸፈናል።

እናቴ መነጽሩን ዝቅ አደረገች። «አደዩንማ አላወለቀም» አለች።